መስመሩ መንገዱ አይደለም

ጥሩብርሃን ፍርድ ቤት የሄደችው ልትናገር አልነበረም። በ1964 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቷን ለመፈጸም ዲላ ተመድባ ፊዚክስ የምታስተምር የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ታረቀኝ በመኪና ተገጭቶ ከሞተ ወዲህ ባለቤቱ ሙሉካ ሦስት ጊዜ ለችሎት ቀርባ ሦስቱንም ጊዜ የሚሰማት ሳታገኝ ተመልሳለች። ጥሩብርሃን ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ፤ በአራተኛው ቀጠሮ አብራት መጣች።

ታረቀኝ የተገጨው ቅዳሜ ማለዳ፣ ከወናጎ ወዲያ ካሉ ዘመዶቹ ዘንድ አድሮ በእግሩ ሲመለስ ነው። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች የመንገዱ ቦይ ውስጥ አገኙት። «ነጭ የጭነት መኪና» ብሏቸው ነበር። ተሸክመውት ወናጎ ሳይደርሱ አረፈ። በዚያ መስመር ነጭ የጭነት መኪና ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቡና ነጋዴው ቀኛዝማች ወንድይፍራው።

የተከሰሰው ግን ሾፌሩ ይርጉ ብቻ ነበር። ቀኛዝማች ከፊተኛው ወንበር ላይ ካባውን ደርቦ፣ ሠርግ ቤት እንደተጠራ ሰው ተቀምጧል።

የተከሳሹ ጠበቃ ተክለጻድቅ ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኛ በሰው ምስክር አንከራከርም። ምስክራችን ማሽን ነው» አለና ከቦርሳው መዳፍ የምታክል ክብ ወረቀት አወጣ። የቀኛዝማች አዲሱ የጀርመን መኪና ከመሪው ፊት ለፊት ሰዓት የመሰለ መሣሪያ አለው፤ ወረቀቷ በየቀኑ እዚያ ውስጥ ትገባለች፣ መኪናው ሲሄድ መርፌ እየጫረ ሰዓት በሰዓት መስመር ያሰምርባታል።

«ይኸውና» አለ በጣቱ እያሳየ። «እዚህ ጋ መስመሩ ይወርዳል፤ ቁልቁለት ነው። እዚህ ይወጣል፤ ዳገት ነው። ከሥሩ ያለው ዚግዛግ ደግሞ ኮረብታው ነው፤ አገሩ ኮረብታማ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። መኪናችን ከገደብ ከተማ ተነሥቶ ቀስ ብሎ፣ የትም ሳይቆም ዲላ ገብቷል። ሟቹን የገጨው ሌላ መኪና ነው።»

ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቷን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራት፣ አገላበጣት፣ «ተቃውሞ የለኝም» አለ።

ጥሩብርሃን ከጀርባው ነበር የተቀመጠችው። በትከሻው በኩል መስመሮቹን አየች። ሳታስበው ብድግ አለች።

«ውሸት ነው!»

«ቁጭ በይ!» አለ ፖሊሱ።

«አልቀመጥም። ጌታዬ፣ ይህ ዳገትና ቁልቁለት አይደለም። ሰውዬው ወይ አያውቁም፣ ወይ እያወቁ ያታልላሉ።»

ተክለጻድቅ ፈገግ አለ። «ወይዘሪት ሾፌር ናቸው?»

«አስተማሪ ነኝ። እርስዎ የሳቱትን የአሥረኛ ክፍል ልጆቼም በመጀመሪያው ሳምንት ይስቱታል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ያፍሩበታል።»

ዳኛው ጠረጴዛውን መታ። አያትና፣ «አስምሏት፤ ትናገር» አለ።

ማለች። ወረቀቷን ተቀብላ ዳኛው ፊት ዘረጋቻት።

«መስመሩ መንገዱ አይደለም፤ ፍጥነቱ ነው» አለች። «ከፍ ሲል መኪናው ፈጥኗል፣ ዝቅ ሲል ቀስ ብሏል። ዳገት ላይም ሆነ ሜዳ ላይ ልዩነት የለውም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ሰባ ይላል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ዜሮ ላይ ይወድቃል። ዜሮ ማለት ቆመ ማለት ነው።»

«መርፌው ተበላሽቶ ይሆናል» አለ ጠበቃው።

«የታችኛው መርፌ ሌላ ነው። እሱ የሚጽፈው የሄደበትን ርቀት ነው፤ ጎኑ ላይ ‹ኪሎ ሜትር› ተብሎ ታትሟል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ሲሄድ ወደ ላይ ይወጣል፣ አምስት ሲሄድ ደግሞ ይወርዳል። ያ ነው የእርስዎ ኮረብታ! መኪናው ከቆመ አይወጣም አይወርድም፣ ዝም ብሎ ይጋደማል። በዚያችው ሰዓት ተጋድሟል። ሁለቱም መርፌዎች አብረው ተበላሽተው አብረው ዳኑ?»

ዳኛው ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «የት ቦታ ነው የቆመው?»

«ከዲላ ወደኋላ እንቁጠር፤ መጨረሻ የቆመው እዚህ ዲላ፣ የቀኛዝማች መጋዘን በር ላይ ነው። አንድ አምስት፣ ሁለት አምስት፣ ሦስት አምስት፣ የሚቀረው ደግሞ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር።»

ዳኛው የክሱን ማመልከቻ ገለጠ። ታረቀኝ የወደቀበት ቦታ ከዲላ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ተብሎ ተጽፏል።

«ከዚያስ?»

«ሁለት ደቂቃ ተኩል ቆሟል። ከዚያ ተነሥቶ ያን የጠጠር መንገድ በአሥራ አምስት ደቂቃ ጨርሶ ዲላ ገባ። ይህ በሰዓት ከሰባ በላይ ነው። ቀስ ብሎ የሄደ መኪና አይደለም፤ የሸሸ መኪና ነው።»

ሙሉካ አማርኛው ሁሉ አልገባትም ነበር። ጎረቤቷ በጌዴኦኛ ሲነግራት ግን ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ።

«ቆመዋል?» አለች ጮክ ብላ። «ቆመው አይተውታል?»

ወደ ይርጉ ዞረች። «አንተን ነው! አይተኸዋል?»

ይርጉ ቀኛዝማችን አየ። ቀኛዝማች አንገቱን አዞረ። ያን ጊዜ የሾፌሩ ፊት ተለወጠ።

«አይቼዋለሁ» አለ። «ጌታዬ፣ ብቻዬን አልነበርኩም። እሳቸው አጠገቤ ነበሩ። ‹ውረድና እይ› አሉኝ፤ ወረድኩ። ‹ይተነፍሳል፣ እንጫነው› አልኩ። ‹ቡናውን በደም ልታበላሽ ነው? ንዳ!› አሉኝ። ነዳሁ። እንጀራዬ ነውና ነዳሁ።»

አዳራሹ ተናወጠ። ዳኛው ቀኛዝማችም እንዲከሰስ አዘዘ፤ ለጊዜው ግን ዋስ ጠርቶ እንዲወጣ ፈቀደለት። ቀኛዝማች ካባውን ሰብስቦ ማንንም ሳያይ ወጣ።

ጥሩብርሃን ተከትላ ስትወጣ ሙሉካ ቀድማታለች። የቀኛዝማች የቤት መኪና ግቢው በር ላይ ሞተሩ ተነሥቷል። ሙሉካ ከፊቱ ቆማለች። ጥሩንባው ጮኸ። አልተነቃነቀችም። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ዘንቢሏን አስቀምጣ አጠገቧ ቆመች፤ ቀጥሎ ሌላ ሴት፣ ቀጥሎ አምስት፣ አሥር።

«ዞር በይ አንቺ!» አለ ቀኛዝማች በመስኮቱ።

«ግጨኝ» አለች ሙሉካ። «ለምደሃል።»

ጥሩብርሃንም ሄዳ ከጎኗ ቆመች። ፖሊሶቹ ሴቶቹን አዩ፣ ቀኛዝማችን አዩ፣ እጃቸውን አጣምረው ቀሩ። በመጨረሻ ቀኛዝማች በሩን በርግዶ ወረደና ገበያውን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ በእግሩ ሄደ። ሰው መንገድ ለቀቀለት፤ እጅ የነሣው ግን አልነበረም።

ይርጉ ሦስት ዓመት ተፈረደበት፤ ቀኛዝማች ሁለት። ቀኛዝማች ግን ይግባኝ ብሎ በአምስተኛው ወር ተለቀቀ። ያን ቀን ጥሩብርሃን ክፍል ገብታ ጠመኔውን አነሣች፣ ሰሌዳው ላይ ሰብራ ጣለችውና ወጣች። ከተማውን አቋርጣ ሙሉካ ቤት ስትደርስ ሙሉካ ጓሮ እንሰት ትፍቅ ነበር።

«እትዬ ሙሉካ፣ ለቀቁት!» አለቻት። እንባዋ ከንዴት የተነሣ አልወርድ ብሏታል።

ሙሉካ ቀና አላለችም። «ሰምቻለሁ።»

«እንዴት ዝም ይላሉ?»

«ማን ዝም አለ?» አለች ሙሉካ። «ነገ ከዚያም በላይ ወዳለው ፍርድ ቤት ነኝ። አንቺም ደብተርሽን ይዘሽ ነይ፤ መስመሩን ለእነሱም ታነቢላቸዋለሽ።»