በሦስተኛው አጥንት አጠገብ

ጠጠርም ሊሆን ይችላል እኮ፣ የድሮ መርፌ የተወው ጠባሳም፣ ኤልስፔት እንዲህ እያለች ራሷን ትሸነግላለች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሆድ ዕቃ በሲቲ ስካን ስታነብ የኖረች ሐኪም ብረትና ጠጠር የማትለይ ይመስል። ብረት ናት። የእርሳስ ጥይት። ምስር የምታህል፣ አንድ ጎኗ የተጨፈለቀ፣ ከወገቡ ሦስተኛ አጥንት በስተግራ፣ የጀርባው ጡንቻ ውስጥ ቁጭ ብላ ታበራለች።

ምስሉ ማክሰኞ ነው የመጣላት፣ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ስም የለውም፣ ቁጥር አርባ ሰባት፣ ወንድ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት፣ የቆሽት ካንሰር፣ ሕክምና ሊጀምር ያለ። ለአንድ ጥናት የምትሠራው ሥራ ቀላል ነው፣ ከታዝማኒያ ደሴት ሆስፒታሎች ስማቸው የተፋቀ ምስሎች እዚህ በርኒ ከተማ፣ እቤቷ ድረስ ይመጡላታል፣ ዕጢውን በመስመር ትከባለች፣ ደም ቅዳውን ምን ያህል እንደጠመጠመው ታያለች፣ ከዚያ ሦስተኛው አጥንት ጋ ወርዳ ጡንቻውን ትለካለች፣ ጡንቻው የቀለጠ ሰው ቶሎ ይሄዳላ፣ በመጨረሻም ከታች ባለችው ሳጥን ውስጥ አንድ ቁጥር ትጽፋለች። ስንት ወር። ኮምፒውተሩም የራሱን ይጽፋል፣ ማን እንደተሳሳተ ጊዜ ይፈርዳል። አርባ ስድስቱን ሳታመነታ ጽፋለች። አራት። አሥራ አንድ። ሰባት። ቀጥሎ ሻይ።

ከሳጥኗ ጎን ሌላ ቁልፍ አለች፣ ታካሚውን አውቀዋለሁ የምትል። ያችን ከተጫነች ምስሉ ተነጥቆ ለሌላ ሐኪም ይሰጣል፣ እሷም ያየችውን ለማንም፣ ለራሱ ለሰውየውም ቢሆን፣ ትንፍሽ አትልም። ደንብ ነው። ደንቡን ካረቀቁት አንዷ ራሷ ናት፣ ጎበዝ፣ እንኳን ደስ አለሽ።

የሪያና መንደር ቀይ አፈር፣ የአባቷ የአየር ጠመንጃ፣ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ታናሽ ወንድሟ ኔቪል ሰባት፣ የድንች ማሳው አጥር ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ሲንጠላጠል፣ ጣሳውን ነው ያለምኩት ብላ ስንት ጊዜ ምላለች፣ ጣሳውን አልነበረም ያለመችው፣ ብስክሌቷን ወስዶባት ነበር፣ ተኮሰች። ወደቀ። ተነሣ። ለእማዬ እንዳትነግሪ አለ፣ የተተኮሰበት እሱ፣ እንዳትነግሪ፣ ትገርፍሻለች። በኩሽና ፎጣ ጠቀለለችው፣ የአጥር ሽቦ ቧጨረኝ አለ፣ ጥይቷም እዚያው ቀረች፣ ቆዳው ገጠመባት። ከዚያ ወዲያ ስሟ ተኳሿ ሆነ፣ ተኳሿ ቅቤውን አቀብይኝ፣ ተኳሿ በሩን ዝጊው፣ እናታቸው ምክንያቱን ሳታውቅ ሞተች።

ሞተች። በዚሁ በሽታ። ያኔም ምስሉን ያነበበችው ኤልስፔት ናት፣ ማንም አላስገደዳትም፣ ኔቪል ደውሎ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ስንት ጊዜ አላት ሲላት፣ እስከ ገና ድረስ ጊዜ አለ አለችው፣ በሙሉ አፏ፣ አራት ወር አስልታ፣ ከዚያ ስብሰባ አለብኝ ብላ ባሕር ተሻግራ ፐርዝ ሄደች፣ ስለምን ልትናገር፣ ከምስል ተነሥቶ የበሽተኛን ዕድሜ ስለመገመት። በአሥራ አንደኛው ቀን እማዬ አረፈች። ኔቪል ብቻውን እጇን ይዞ። ቀብሩ ላይ ቆሽቱ አርሮ፣ ሰው እየሰማ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትጠራሽ ነበር አላት፣ ምን ልበላት፣ ልጅሽ እስከ ገና ጊዜ አለ ብላለች ልበላት? ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም። ስምንት ዓመት። የግማሽ ሰዓት መንገድ፣ ስምንት ዓመት።

ስልኩ ይጮኻል፣ ናዲን ናት፣ ከሆባርት፣ የጥናቱ አስተባባሪ፣ ዶክተር፣ ይህ አርባ ሰባት ቁጥር ምን አደረገዎት፣ ፍቅር ያዘዎት እንዴ? እየለካሁ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ? ኮምፒውተሩ እኮ በአራት ደቂቃ ጨርሷል። ስንት አለ? ኧረ ዶክተር፣ እሱንማ ብነግርዎት መጀመሪያ የሚያባርሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ደህና ነዎት ግን? ደህና ነኝ። ምሳ በልተዋል? በልቻለሁ። አልበላችም፣ የትናንቱ የሥጋ ፓይ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ደርቋል። ናዲን ስትዘጋ ቤቱ ጭር ይላል፣ የባሕሩ ነፋስ መስኮቱን ይነቀንቃል። ምሳ በልተሻል ወይ ብሎ የሚጠይቃት ሰው በደመወዝ የተቀጠረ ነው። ለዓመታት ሥራ ብላ ስትጠራው የኖረችው ነገር ብቸኝነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እንደገና ታያለች። ዕጢው ደም ቅዳውን ዙሪያውን ይዞታል። ጉበቱ ላይ አንዲት ነጥብ፣ ምናልባት። የድንች ጆንያ በአንድ ትከሻው ያነሣ የነበረው ሰውዬ ጡንቻው ቀልጦ ጥይቷ ወደ ቆዳው ቀርባለች። ሌላ ሰው ቢሆን አምስት ትጽፍ ነበር። አምስት ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። አሥራ ሁለት ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ ቁጥር በመጻፍ ዕድሜ የሚጨመር ይመስል። እና ብትደውል ምን ልትል ነው፣ መጠየቅ አትችልም፣ መናገር አትችልም፣ ደህና ነኝ ቢላትስ፣ ዛሬ ምን ተገኝቶ ነው ቢላትስ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ቢዘጋባትስ፣ ይገባታል፣ ቢዘጋባት ይገባታል።

ታካሚውን አውቀዋለሁ።

እርግጠኛ ነዎት? ይላል ስክሪኑ። እርግጠኛ ነኝ። ኔቪል ይጠፋል፣ ጥይቷም ትጠፋለች፣ ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሷ ፊት ብቻ ይቀራል፣ የእማዬ አገጭ፣ መቼ ነው እንዲህ ያረጀችው? ሞባይሏን ታነሣለች። የእርሻ ቤቱን ቁጥር ጣቷ አልረሳውም።

ሄሎ፣ ማን ልበል? ይላል ኔቪል። እኔ ነኝ። ከጀርባው ውሻ ይጮኻል፣ ውሻ እንዳለው አታውቅም ነበር። ማን ሞተ? ማንም አልሞተም። ታዲያ? ዝም ብዬ ነው። ዝም ብለሽ፣ ይላል፣ ያ የሚያሾፍ ድምፁ፣ ትንሽ ቀጥኗል፣ በስምንት ዓመትሽ፣ ዝም ብለሽ። ዝናብ አላችሁ? ትላለች ጅሏ። ዝናብማ አለ፣ ድንቹ ግማሹ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ትንፋሹን ትሰማለች፣ ትቆጥራለች፣ የሙያ ልማድ፣ ቁጠሪ አሉሽ እንዴ።

ስሚ፣ ይላል፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀብሽ። ምኑ? ሆስፒታሉ ምስልህን ለጥናት እንውሰደው ወይ ብሎ አንድ ወረቀት ሰጠኝ፣ እኔ ደግሞ ለጥናት ምን ግድ አለኝ፣ ልመልስላቸው ስል ከታች የሐኪሞቹ ስም ተደርድሯል፣ ሦስተኛዋ አንቺ። ፈረምኩ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እቆጥራለሁ። ስምህ አይጻፍም አሉኝ፣ ግድ የለም አልኳቸው፣ የራሷን ጥይት ታውቃታለች።

ማክሰኞ ነው የደረሰኝ፣ ትላለች። ዛሬ ዓርብ ነው እኮ፣ ተኳሿ። ኔቪል... ስንት ወር ብለሽ ጻፍሽ? አልጻፍኩም። ጎሽ፣ ይላል፣ ልደውልልሽ ስንቴ ስልኩን አንሥቼ እንደመለስኩት፣ ፈራሁ፣ አታነሣም ብዬ ፈራሁ። ያለቅሳል። ሰባት ዓመቱ ላይ፣ ጥይት ገብቶበት ያላለቀሰ ልጅ።

እሁድ ነይ በቃ፣ ይላል አፍንጫውን እየጠረገ፣ በግ እጠብሳለሁ፣ እስከ እሁድ ጊዜ አለ። ኤልስፔት ቆማለች፣ ካፖርቷን በአንድ ክንዷ አጥልቃለች፣ የመኪናው ቁልፍ የት ነው፣ ከፓዩ ሥር፣ ሳህኑን ትገፋዋለች፣ አይ፣ ትላለች፣ እሁድ አይደለም፣ አሁን ነው የምመጣው፣ ውሻውን እሰረው፣ አያውቀኝም።