የመታጠቢያ ቤቱ እጭ

ተወልደብርሃን ያላረጋገጠውን የነፍሳት ስም ጽፎ አያውቅም። በዚህ ጠባዩ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚወደው ሰው አልነበረም። አለቃው ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሪፖርት «አዲስ ዝርያ ተገኘ» ብሎ እንዲጽፍ መጀመሪያ ለመነው፣ ከዚያ ተቆጣው፣ በመጨረሻም አስፈራራው። እሱ «አልታወቀም» ብሎ ፈረመ። የደረጃ ዕድገቱም በዚያው ቀረ። በዓሉ መጥቶ ሄደ፤ እጩ ግን አሁንም በሚስቱ በአስመረት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው።

እጩ ከኮተቤ በላይ ካለ ጅረት፣ ከድንጋይ ሥር የተለቀመ፣ ባለ ሁለት ጭራ ጠፍጣፋ ፍጥረት ነው። የፈረንጅ መጻሕፍት የድንጋይ ዝንብ ይሉታል። እጭ ሳለ ከዘመዶቹ አይለይም፤ ማንነቱ የሚታወቀው አድጎ ክንፍ ሲያወጣ ነው። እስከዚያ ድረስ ቀዝቃዛና የሚንቀሳቀስ ውሃ ይፈልጋል። ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ቦሌ፣ ከተወረሰ ቪላ ጀርባ ባለ ሰርቪስ ቤት ነው፤ ከቤቱ ቀዝቃዛው ክፍል ደግሞ መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነው። አስመረት ሦስት ዓመት ሙሉ እጮቹ ካሉበት በርሜል ጋር እየተጋፋች ታጠበች። መብራት ሲጠፋ ለውሃው አየር የምትነፋው ትንሿ ሞተር ዝም ትላለች። ያኔ ባልየው ውሃውን በጭልፋ ያማስላል፤ ሲደክመው እሷ ትቀበለዋለች። ሰው እንዲህ ሲደክም መጣላትም ያቅተዋል፤ መጣላት ከተዉ ቆይተዋል።

ከዘንድሮዎቹ እጮች የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ሌላ እንዳያመጣ፣ ከጅረቱ በላይ የድንጋይ መፍለጫ ካባ ተከፍቶ ውሃው ጭቃ ሆኗል። ባለፈው ሄዶ ድንጋይ ሲገለብጥ ውሎ ባዶ እጁን ተመልሷል። ይህ ከሞተ የሦስት ዓመት ልፋቱ ገደል ገባ ማለት ነው።

በዚህ መሃል ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። አዲስ አበባ በዚያ ቀን ቆሻሻዋን ታቃጥላለች፤ ያ ሰው የፈጀ የጥንቱ የኅዳር በሽታ ያስተማራት ልማድ ነው። ቀበሌው ልማዱን ወርሶ «የጽዳት ዘመቻ» ብሎታል። ሊቀመንበሩ ጓድ ላጲሶ ሁሉም ሰው ከሥራ መልስ መጥረጊያ ይዞ እንዲወጣ አዘዘ። የቀረ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም። ገና ስሙ ሲጠራ የትግራይ ሰው መሆኑ ለሚታወቅበት ለተወልደብርሃን ግን መቅረት ከስኳርም በላይ መዘዝ ነበረው።

አስመረት አስም አለባት። በየዓመቱ በዚህ ቀን መታጠቢያ ቤቱን ዘግታ፣ ባህር ዛፍ ቅጠል በተቀቀለበት ውሃ እየታጠነች ጢሱን ታሳልፈዋለች። የምትውጠው ኪኒን ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ከጠፋ ወር አልፎታል።

«ዛሬ ክንፍ አውጥቶ ከውሃው ሳይወጣ አይቀርም» አላት ተወልደብርሃን በርሜሉ ላይ እንዳጎነበሰ። «የክንፉ ከረጢት ጠቁሯል።»

«እኔስ የት ልግባ?»

«እዚሁ ነዋ። መስኮቱን በእርጥብ ብርድ ልብስ እደፍንልሻለሁ። ከወጣ ብርጭቆ ድፊበት።»

«እንፋሎቱስ?»

የውሃውን ቅዝቃዜ በጣቱ ለካ። ክፍሉ ከሞቀ እጩ ይሞታል፤ ይህን እሷም ታውቃለች።

«የባህር ዛፉን ድስት በሩ ላይ ቡታጋዝ ላይ ጥጄልሻለሁ። ካፈነሽ አስገቢው» አላት በመጨረሻ። «ለእኔ ብለሽ እንዳትታገሺ።» ይህን ሲል ግን ፊቱን አላዞረላትም።

ውጭ አሮጌ ጎማ ሳይቀር ይነድ ነበር። ለማረፍ የምታንዣብብ አውሮፕላን መብራቷ ጢሱ ውስጥ ጠፋ። ተወልደብርሃን እየጠረገ ስለ ሚስቱ አሰበ፤ ስለ እጩም አሰበ። የትኛውን እንደሚያስቀድም ራሱን አልጠየቀም፤ ለመጠየቅም ደክሞት ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ባለቤቴን አሟታል» አለ።

«ሁላችንም ቤት አለን፣ ጓድ» አለው ላጲሶ፤ ንግግሩንም ቀጠለ። የጓድ ላጲሶ ንግግር እንደሁ ቶሎ አያልቅም።

ሲመለስ ቡታጋዙ ጋዝ ጨርሶ ጠፍቷል። ድስቱ እንደተከደነ በሩ ላይ ቀዝቅዟል። በሩን ሲከፍተው አስመረት በተደፋ ሳፋ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ በትከሻዋ ትተነፍሳለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ወጣ» አለች። «ብርጭቆ... ደፋሁበት።»

«ለምንድነው ድስቱን ያላስገባሽው?»

«ሊወጣ... ሲል ነበራ።»

ሮጦ ጋዝ ጨመረና ድስቱን እንደገና ጣደ። ክብሪቱ እንቢ ብሎት ነበር። አፍሮ ነበር፤ እንዲህ ማፈሩን ዕድሜ ልኩን አልረሳውም።

«እስኪፈላ... እየው» አለችው።

ብርጭቆውን አነሳ። ውስጡ ክንፉ ገና ያልጠነከረ፣ ገርጣ ያለ ነፍሳት ተቀምጧል። አጉሊ መነጽሩን አወጣና የሆዱን ጫፍ ተመለከተ። ሴት ናት። የዚህ ወገን ዝርያ የሚለየው በወንዱ ነው፤ በእሱ መነጽር ሲታዩ ሴቶቹ ሁሉ አንድ ናቸው። ሌላ እጭ የለም፣ ጅረቱም የለም።

«ታወቀ?»

ቀና ብሎ አያት። ሌላ ጥያቄ የምትጠይቅበት ትንፋሽ ያላት አትመስልም።

«ታወቀ» አለ።

«ማን ይባላል?»

ከመጽሐፉ ቀድሞ ትዝ ያለውን ረጅም የላቲን ስም ጠራላት። ያላረጋገጠውን ስም ሲጠራ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

«እስቲ ድገመው።»

ደገመው። አፉ ላይ የመጣው ግን ሌላ ስም ነበር።

አስመረት ልዩነቱን ሰምታለች። የድስቱ ክዳን መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«ጥሩ ስም ነው» አለች። «በል አሁን... ድስቱን አስገባው። ከእንግዲህ እንፋሎቱ... የሚጎዳው የለም።»