ውሃ ያልነካው መሐል

ሷሊሕ ልጁን ሩቂያን ይዞ ሸዋ ሮቢት ካለው ጤና ጣቢያ ሲገባ ኢብራሂም አብሮት ነበር። ኢብራሂም ሩቂያን ሊያገባ ያጫት ልጅ አጎት ነው፤ ከጀውሃ የመጣው ነገሩን በዓይኑ ሊያይ ነው። ሩቂያ በደልዳላ ሜዳ ትወድቃለች፤ ቁርጭምጭሚቷ ይታጠፋል። ጂኒ ነው የሚል ወሬ ጀውሃ ደርሷል። ጂኒ ከሆነ ኒካሁ፣ ጋብቻው፣ ይቀራል።

«እግሯ ሥሩ ጎድጓዳ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል» አለ ሷሊሕ። «ሴቶቹ ቁንጅና ነው እያሉ ነው ያሳደጓት።»

ጤና ረዳቱ ስንታየሁ እግሯን በውሃ አርሶ ሲሚንቶው ላይ አስረገጣት። ሷሊሕ ጎንበስ ብሎ አየ። ተረከዟ ታትሟል፤ የጣቶቿ ሥር ታትሟል፤ መሐሉ ደረቅ ነው። ሁለት ሰው የረገጠው ይመስላል።

ስንታየሁ ቀጥሎ ስስ ሳንቃ አመጣ። ተረከዟንና የእግሯን የውጭ ጠርዝ በሳንቃው ላይ አቆመ፤ አውራ ጣቷን ወደ መሬት ለቀቀው። ወደ ውስጥ ዞሮ የነበረው ተረከዝ ቀጥ አለ።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አለ ሷሊሕ።

«እግሯ ገና ግትር አልሆነም ማለት ነው፣ ጋሼ። ጫማዋ ውስጥ በልኩ ድጋፍ ቢገባ መታጠፉ ይቀንሳል።»

«መነሻውስ?» አለ ኢብራሂም። «እኛ የምንፈልገው እሱን ነው።»

«አንዳንዴ የነርቭ ነው፤ በዘር ይወርዳል። ከቤተሰቡ እንዲህ ያለ እግር ያለው አለ?»

ሷሊሕ ሁለቱን መልስ በልቡ መዘነ። «አለ» ካለ ነውሩ ከዘሩ ሊሆን ነው፤ ከሩቂያ በታች ያልተዳሩ ሴት ልጆች አሉት። «የለም» ካለ ልጁ ከነጂኒዋ ወደ ቤት ትመለሳለች። ደግሞ የራሱን እግር ማየት አማረው፤ ዕድሜ ልኩን ሲደናቀፍ ጥፋቱን በድንጋዩ ላይ ነበር የሚጥለው።

ኮንጎ ጫማውን አወለቀ። እግሩን በውሃ አርሶ ከልጁ ዱካ አጠገብ ረገጠ። የእሱም መሐል ደረቅ ነው።

ኢብራሂም ሁለቱን ዱካ አስተያየ። «ወረዳ ስብሰባ ላይ የምትዘገየው በዚህ ኖሯል? እኛ ንቀት መስሎን ነበር።»

«ንቀቱም አለበት» አለ ሷሊሕ።

ኢብራሂም ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ያዘው። ወደ ስንታየሁ ዞረ። «ልጆቿም ላይ ይመጣል?»

«ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። አዲስ አበባ ወስዳችሁ ነርቯን አስመርምሩ።»

ኢብራሂም የሷሊሕን እግር ደግሞ አየ። «በዚህ እግር መሬት አርሶ ቤት አቁሟል» አለ በመጨረሻ። «ጂኒ ካልሆነ ኢንሻአላህ ቃላችን እንዳለ ነው። ወሬውን እኔ ሄጄ አጠፋዋለሁ።»

ሷሊሕ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ድጋፉ ከሠርጉ በፊት ይደርሳል?» አለች ሩቂያ።

ሦስቱም ዞረው አዩአት። እስካሁን እሷን የጠየቃት አልነበረም።