የፍቀት ቀን ዕዳ

ከዓመታት በፊት፣ አንድ ዓመት፣ በልጉ ቀረ። እንሰቱን አጠውልግ በሽታ ያዘው። ቶሎ ተቆርጦ ካልተፋቀ ይበሰብሳል፤ የሲና እናት ደግሞ አታት ሆስፒታል ተኝታለች። የሰፈሩ ሴቶች ጎረቤቷን እትዬ አበባን ተከትለው መጡ፤ ፋቁ፤ ቆጮውን ጉድጓድ ቀብረው ሄዱ። ቤቱ ዓመቱን በዚያ ከረመ።

ወንፈል ነው፤ የሠራልህን ቀን በቀን ትመልሳለህ። የእናትየው ጉልበት ግን እምቢ አለ። ሰፈሯን ቸሃን ለቃ ወልቂጤ ከተማ ልጇ ሲና ዘንድ ገባች። ለሌሎቹ ዘመድ እየላከች መለሰች፤ የአበባ ቀን ብቻ ቀረ። አበባም አልጠየቀች።

ዛሬ ሲና የሥራ ገበያ ተመራማሪ ናት። ማን ይሠራል፣ ማን ሥራ ፈቶ ተቀምጧል የሚለውን ከየቤቱ አስጠይቃ በኮምፒውተር ታሰላለች። ዘንድሮ ለአንድ የገጠር ገበያ ጣሪያ ሊሠራ ነው፤ ቆጮ የሚሸጡ ሴቶች ከዝናብ የሚጠለሉበት። የሚሠራውም ሠርተው የሚሸጡ ሴቶች በበዙበት ነው። ቦታውን የሚወስነው የሲና ጥናት ሰኞ ይቀርባል።

ሐሙስ ዕለት የእናቷን ሰፈር ቁጥር ኮምፒውተሯ ላይ አየች። ሴቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሥራ የላቸውም ይላል።

መረጃ የሚሰበስብላትን ዘመድኩንን ጠራችው። ቆሎውን እየቆረጠመ መጣ።

"እዚህ ሰፈር ሴቶቹን ማን ጠየቃቸው?"

"እኔ ነኛ።"

"ራሳቸውን?"

"ባሎቻቸውን። እነሱማ ጓሮ ፍቀት ላይ ናቸው። ወንድ እዚያ ድርሽ አይልም አሉኝ። ልደብደብልሽ እንዴ፣ አለቃ?"

"ባሎቹስ ምን አሉ?"

"'ሚስትህ ባለፈው ሳምንት ሠርታለች?' ስላቸው፣ 'ኧረ የለም፣ እቤት ናት!'"

ሲና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ቅዳሜ ቆጮ የገዛችው ከዚያው ሰፈር ሴት ነበር። ቁጥሩ እንዲህ ከወጣ ጣሪያው ሌላ ገበያ ይሄዳል።

በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ይዛ የእናቷ ሰፈር ወረደች። የአበባ ባል ጋሽ ባዩ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

"ጋሽ ባዩ፣ እትዬ አበባ ሥራ ላይ ናቸው?"

"ምን ሥራ አላት? ጓሮ እየፋቀች ነው።"

"ትናንትናስ?"

"ገበያ ነበረች፣ ቆጮ ስትሸጥ።"

"ሥራ ግን የላቸውም?"

"አልኩሽ እኮ!"

ጓሮ ዘለቀች። ሴቶቹ ጋደል ያሉ ሳንቃዎች ፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንድ እግራቸውን ሰቅለው የእንሰቱን ቅርፊት በተረከዝ ይይዛሉ፣ በቀርከሃ ይፍቃሉ።

አበባ ቀና አለች። "ይቺ ሲና አይደለችም? እዩልኝ፣ ወልቂጤ እንዴት ቢያበላት ነው!"

"እትዬ፣ የምጠይቅዎት ነበረኝ።"

"እዚህ በባዶ እጅ አይጠየቅም። ጫማሽን አውልቂ።"

አወለቀች፤ ተቀመጠች። ተረከዟ አዳለጣት።

"ኧረ ቀስ! እንሰቱ ምን በደለሽ?" አለች አንዷ።

"ተዪያት፤ ወልቂጤ በኮምፒውተር ነው የሚፋቀው" አለች ሌላዋ።

ሳቁ ሲበርድ ሲና ጠየቀች፤ ባለፈው ሳምንት ቆጮ ለገበያ ያወጣችው ማን ናት? የሁሉም እጅ ተነሣ፤ እስከ ክርን ነጭ ነው። ሲና አለቃዋ ጋር ልትደውል ፈለገች፤ የሷም እጅ እንደዚያው ነው። አበባ እጇን ጠርጋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት።

"ሰኞ አናቀርብም" አለች ሲና። "ባሎችን ጠይቀን ሚስቶችን ሥራ ፈት አድርገናል። ሴት ጠያቂዎች ልኬ እንሰት ባለበት ሰፈር ሁሉ ራሳቸውን ላስጠይቅ።"

አለቃው ብዙ አጉረመረመ። በመጨረሻ አንድ ሳምንት ሰጣት።

ጣሪያው በኋላ የት እንደቆመ፣ ዝናብ ሲመጣ ከአበባና ከጓደኞቿ ጋር ከሥሩ የተጠለለ ሁሉ ያውቀዋል። ያን ዕለት ግን ሲና ጉዳይዋ እንዳለቀ ልትነሣ ስትል አበባ በቀርከሃዋ ወደ ሳንቃው አመለከተቻት።

"ወዴት? ግማሽ ቀን ለእናትሽ አይያዝላትም።"

ሲና ተመልሳ ተቀመጠች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ፋቀች። ወገቧ አልቀና አለ፣ ጣቶቿ ተላጡ።

አበባ፣ ሲና የፋቀችውን በእጇ አገላብጣ አየችው።

"ለእናትሽ ንገሪያት፣ ቀኔ ገብቷል" አለች። "እርግጥ ግማሹን ቅርፊቱ ላይ ትተሽዋል። ግን ገብቷል።"