የህንዱ ጩቤ እጀታ

ንፍሮው ሳይበርድ ለቀስተኛው ተነሳ። ሰዓት እላፊው ያስቸኩላል፤ ልደታ ድረስ የመጣ ሰው በጊዜ ካልወጣ መንገድ ላይ ይያዛል። «እግዜር ያጽናሽ፣ እንዳለች» እያሉ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። በእድሩ ድንኳን፣ ከአግዳሚዎቹ መሀል ባሏ የሞተባት እንዳለችና የባሏ የሥራ ባልደረባ ነገሪ ብቻ ቀሩ። ነገሪ ቤቱ እዚያው አጠገብ፣ አብነት ስለሆነ አልቸኮለም።

እንዳለች እስካሁን አላለቀሰችም። ሴቶቹ በዚህ ሲንሾካሾኩ ሰምታለች። ምን ብላ ታልቅስ? ባሏ ሞቱማ የሙዚየም የጦር መሣሪያ ክፍል ጠባቂ ነበር፤ ወሬውም ሁሉ ድሮ ለቤተ መንግሥት በስጦታ ስለመጡት የህንድ ጩቤዎች ነው። ራት ላይ «ዛሬ ቆልማማውን ዘይት ቀባሁት» ይላል፣ ያበቃል። ላብ ያዝገዋል እያለ ብረቱን ያለ ጓንት አይነካም። ጓንቱን የምታጥብለት እሷ ናት። ልጅ አልወለዱም፤ ቤቱ ዝም ያለ ነበር። አንድ ቀን ብሶባት «ለብረቱ የምትጨነቀውን ያህል ለእኔ ብትጨነቅ ምናለ?» አለችው። ቀና ብሎ አያትና ወደ ገበታው አቀረቀረ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችውም። እንደማይወዳት ደምድማ ነበር የኖረችው።

«እትዬ እንዳለች፣ ቅር ካላለዎት እጅዎን ያሳዩኝ» አለ ነገሪ።

ግራ ገብቷት ዘረጋችለት። በልጅነቷ ብዙ የተሾፈበት ትንሽ እጅ ነው።

«ጋሼ እውነታቸውን ነው ለካ» አለ።

«ምኑ?»

«የህንዶቹ ጩቤ እጀታው ጠባብ ነው፤ የወንድ መዳፍ አይገባበትም። ጎብኚው ሁሉ ‹የልጅ ነው እንዴ?› ይላል። ጋሼ ሞቱማ ታዲያ ‹የባለቤቴ እጅ ልክክ ይልበታል› ይሉ ነበር። ለተማሪውም፣ ለኩባው ወታደርም፣ ለመጣው ሁሉ። እኛ እንስቅባቸው ነበር።»

«ለእኔ አንድ ቀን አልነገረኝም።»

«አፍረው ይሆናል።»

ነገሪ ከኪሱ ነጭ ጓንት አወጣ። «መሳቢያቸው ውስጥ ቀርቶ ነው፤ አልታጠበም» ብሎ ሰጣትና ተሰናብቶ ወጣ።

ጓንቱ ዘይት ዘይት ይሸታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳሙና ትፈልግ ነበር። አጠለቀችው። ሰፋት፤ የጣቶቹ ጫፍ ባዶውን ተንጠለጠለ።

«አንተ ሞኝ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

ጓንት ያጠለቀውን እጇን በሌላው እጇ ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። ድንኳኑ እስኪጨልም አልለቀቀችውም።