ሰው ቋሚ የሆነበት ሜዳ

የቸሃው የእግር ኳስ ቡድናችን ዕድሜውን የሚቆጥረው በጣሊያን ዘመን ከተደረገ አንድ ግጥሚያ ጀምሮ ነው። በዚያ ግጥሚያ ቡድናችን አላሸነፈም፤ ዋንጫም አልነበረም። ሆኖም ሽማግሌዎቻችን ስለ ቡድኑ ሲጠየቁ ከዚያ ቀን ይጀምራሉ።

ኳስን ወደ መንደራችን ያመጣው ካሳሁን የሚባል የመንዝ ሰው ነው። ከጦርነቱ በፊት ቡታጅራ በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። በ፲፱፻፳፱ ዓ.ም. ጣሊያን የተማረ ሰው እያደነ መግደል ሲጀምር፣ ተራራውን በእግሩ አቋርጦ ቸሃ ገባ። ወይዘሮ ውድነሽ የምትባል ባልዋ የሞተባት ሴት ተቀበለችው። ለጠየቃት ሁሉ፣ «የወንድሜ ልጅ ነው፤ ትንሽ አእምሮውን ያመዋል» ትል ነበር። መንደሩ እውነቱን ያውቃል፤ ግን ማንም ሁለተኛ አልጠየቀም።

ካሳሁን የሰው እንጀራ በነፃ መብላት ከበደው። እንሰት ልትከል ብሎ ሞከረ፤ የተከለው ሁሉ ጠወለገ። ውድነሽ እየሳቀች፣ «ተው ልጄ፣ እንሰቱ ምን አደረገህ?» አለችው። በመጨረሻ ያለውን ለመስጠት ወሰነ። የሚያውቀው ፊደልና ኳስ ነበር፤ ፊደል ማስተማር ያስገድላል። ውድነሽ ከእንሰት በተፋቀ ቃጫ ኳስ ጠቀለለችለት፣ በፍየል ቆዳ ሰፋችው፤ የመንደሩ ጎረምሶችም በዚያ ተማሩ።

ሜዳው ጀፎረው ነበር። ጀፎረ የመንደሩ ቤቶች ግራና ቀኝ ቆመው የሚተያዩበት፣ ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው። ሠርጉም፣ ልቅሶውም፣ ሸንጎውም እዚያ ነው። የሁሉም ስለሆነ ማንም አያርሰውም፣ አያጥረውም፣ አይቆፍረውም። ካሳሁን ግን ይህን ሳያውቅ ለግቡ እንጨት ሊተክል ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ዳምጤ ከዘራቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ።

«ምን እየቀበርክ ነው?»

«ቋሚ ልተክል ነው፣ አባ። ኳሱ በሁለት ቋሚ መሀል ካላለፈ ግብ አይባልም።»

«እንግዲህ ግብ አይባላ! ጀፎረ የቆፈረ ሰው በሬ ይቀጣል። አንተ ደግሞ በሬ የለህም።»

ሽማግሌዎቹ መከሩ። ጨዋታውን አልጠሉትም፤ ጉድጓዱን ነው የጠሉት። ስለዚህ በእንጨት ፋንታ ሰው ይቁም ብለው ፈረዱ። በእያንዳንዱ ግብ ሁለት ሁለት ሰው ቆመ። ለቋሚውም ሕግ ወጣለት። ቋሚ አይንቀሳቀስም፤ ኳስ ቢመታውም ችሎ ይቆማል። መረብ ስለሌለ፣ ኳሱ መግባት አለመግባቱን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ቋሚው ነው። ስለዚህ ሲጠየቅ «ገባ» ወይም «ወጣ» ብሎ በድምፁ ይመሰክራል። የሚዋሽ ቋሚ ደግሞ አይቆምም። ተመልካቹም ኳሱን ትቶ በቋሚዎቹ ይቀልድ ነበር። «ቋሚው አዛጋ!» «ያኛው ቋሚ ሚስቱን ነው የሚጠብቀው፣ ግቡን አይደለም!»

ሰው በየእሑዱ ሲሰበሰብ ወሬው ወልቂጤ ደረሰ። አንድ ቀን የጣሊያኑ ሹም አስካሪ ከሚባሉት ጥቁር ወታደሮቹና ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። ስብሰባው የአርበኞች ነው ብሎ ጠርጥሮ ነበር። ካሳሁን በውድነሽ ጓሮ እንሰት ውስጥ ተደበቀ። ሹሙ ጨዋታውን አየና በሰው ቋሚዎቹ ሳቀ።

አስተርጓሚው፣ «እንጨት የላችሁም ወይ ይላችኋል» አለ።

አባ ዳምጤ ነገሩን ከነሕጉ አስረዱት። ሹሙም፣ «እኔ ብቆፍርስ?» ብሎ አስጠየቃቸው።

«ጌታዬ ጉልበት አለው፣ ይቆፍራል። ከዚያ በኋላ ግን ጀፎረ አይባልም፤ መንገድ ይባላል።»

 ሹሙ፣ «በሚመጣው እሑድ የመንገድ ሠራተኞቼን አመጣለሁ፤ ከእነርሱ ጋር ትጫወታላችሁ። ሠራተኞቹ ካሸነፉ ሰኞን ያርፋሉ» አለ። ሊሄድ ሲል ግን አንድ ነገር ጨመረ። ይህን ጨዋታ ከትምህርት ቤት በቀር የሚያስተምር ስለሌለ፣ እዚህ መምህር ተደብቋል አለ። በዕለቱ የመንደሩ ወንድ ሁሉ ጀፎረው ላይ ይውጣ፤ ቤቶቹም ጓሮዎቹም ይፈተሻሉ። የተደበቀ አስተማሪ የጠቆመ ሠራተኛ ደግሞ ከመንገድ ሥራ ነፃ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

የቡድኑ አለቃ አበራ፣ «መምህርን በሌሊት እናሽሸው» አለ። መንገዱ ሁሉ ግን ኬላ ነበር። ብልሃቱን ያመጣችው ውድነሽ ናት።

«ቋሚ ይሁን» አለች። «ተጫዋቹን ሰው ያየዋል፤ ተመልካቹንም ያየዋል። ቋሚን ማን ያያል?»

«ቢጠየቅስ?» አሉ አባ ዳምጤ። «አፉን ከከፈተ አለቀ። ጉራጊኛው ያስቃል፤ አማርኛው ደግሞ የመንዝ ነው። አስተርጓሚው ወዲያው ያውቀዋል።»

«እንግዲያው ኳሱን ከእሱ አርቁ!» አለችው አበራን። «ለምን ተማርክ?»

እሑድ ደረሰ። አስካሪዎቹ ቤት ለቤት ሲፈትሹ ካሳሁን ቡትቶ ለብሶ፣ ፊቱን አመድ ቀብቶ፣ የመንደሩ ግብ የቀኝ ቋሚ ሆኖ ቆሞ ነበር። ሠራተኞቹ ከጭነት መኪና ወረዱ። ከመካከላቸው ረዥሙ፣ መሪያቸው፣ ጀማሉ ይባላል። የቡታጅራ ልጅ ነው። ካሳሁን ገና ሲያየው አወቀው፤ ያስተማረው ተማሪው ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። ሠራተኞቹ አንድ አገቡ፣ አበራም አንድ መለሰ። ከዚያ ሠራተኞቹ የማዕዘን ምት አገኙ፤ ጀማሉም ኳሱን ለማስቀመጥ በካሳሁን አጠገብ አለፈ። ቀና ብሎ አየው። ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ኳሱን አስቀመጠ። የጀማሉ መዳፎች በድንጋይ ተልጠው ነበር። ካሳሁን እነዚያን መዳፎች ሲያይ፣ ቢጠቁመኝ አልፈርድበትም ብሎ አሰበ።

ጊዜው ሊያልቅ ሲል ጀማሉ ሁለት ሰው አልፎ መሬት ለመሬት መታ። ኳሱ የካሳሁንን ቁርጭምጭሚት ታክኮ አለፈ። ሠራተኞቹ «ገባ!» ብለው ዘለሉ። መንደሩ «ወጣ!» ብሎ ጮኸ። ሹሙ እጁን አንሥቶ ሁሉንም ጸጥ አሰኘና ከአስተርጓሚው ጋር ወደ ቋሚው ሄደ።

«አንተ! ሕጋችሁ ቋሚ ይመሰክራል አይደል የሚለው? ገባ ወይስ ወጣ?»

ካሳሁን ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ኳሱ ወጥቷል፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለግበት፤ ያቺ አንድ ቃል ግን አገሩን ትናገርበታለች። አባ ዳምጤ ድዳ ነው ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት፤ ድዳ ቋሚ እንደማይሆን ባለፈው ሳምንት በራሳቸው አንደበት አስረድተዋል። አስተርጓሚው አንድ እርምጃ ቀረበ።

«አትሰማም? ማነው ስምህ?»

«ወጥቷል!»

ሁሉም ዞረ። የተናገረው ጀማሉ ነው። እየሮጠ መጥቶ በአስተርጓሚውና በቋሚው መሀል ገባ።

«ይህን ጅል ምን ትጠይቁታላችሁ? የመታሁት እኔ ነኝ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ወጥቷል። ሳትኩት።»

ከሠራተኞቹ አንዱ፣ «ምን ነካህ አንተ? ነገ ድንጋዩን ለብቻህ ትሸከማታለህ!» አለው።

«እሸከማለሁ። ወጥቷል።»

«እግርህ ይሰበር!»

«አላህ ከሰበረልኝማ ሰኞን አርፋለሁ!»

ሠራተኞቹ ሳይወዱ ሳቁ። አስተርጓሚው ነገሩን ሲያስረዳ ሹሙም ሳቀ፤ ዕረፍቱን በገዛ አፉ ያስቀረ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ቋሚውን ረስቶ ጀማሉን ትከሻውን መታ መታ አደረገና ፊሽካ ይነፋ አለ። ፈታሾቹም ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ነበር። ግጥሚያው አቻ አለቀ። ሹሙ ወደ መኪናው ሲወጣ፣ «ይጫወቱ፤ እብዶች እንጂ ሽፍቶች አይደሉም» ማለቱን አስተርጓሚው ነገራቸው። ጀማሉ ዘወር ብሎ ሳያይ ከጓደኞቹ ጋር ተጭኖ ሄደ። በማግሥቱ ድንጋይ ሲሸከም እንደዋለ ካሳሁን ያውቃል። ካሳሁን ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በመንደሩ ኖረ፤ ቡድናችንም በዚያ ፈቃድ በየእሑዱ ተጫወተ።

ጣሊያን በ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. ሲወጣ፣ ካሳሁን ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ቡታጅራ ገበያ ሄደ። ጀማሉ በርበሬ ዘርግቶ ከአንዲት ሴት ጋር ይከራከር ነበር። መምህሩን ሲያይ ተነሥቶ እጁን በሁለት እጁ ያዘ፤ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ሴትዮዋ፣ «በርበሬውን ልውሰደው ወይስ ትሸጥልኛለህ?» እስክትል ድረስ።

ካሳሁን፣ «ላመሰግንህ ነው የመጣሁት» አለው።

«ለምኑ፣ መምህር?»

«ለምኑ ትላለህ? ነፍሴን ነው የሰጠኸኝ።»

ጀማሉ አፈረ፤ መሬት መሬት እያየ በርበሬውን በእጁ አገላበጠ።

«ኧረ እኔ ምንም አልሰጠሁም። ኳሱ ወጥቶ ነበር፤ ወጣ አልኩ። አንተ አይደለህ እንዴ እንደዚያ ያስተማርከን?»

ካሳሁን ሳቀ። ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው ማወቅ የሚወድ ሰው ነበርና፣ «እሺ፣ ገብቶ ቢሆንስ ኖሮ?» ብሎ ጠየቀው።

ጀማሉ ብዙ አሰበ። ሴትዮዋም በርበሬዋን እንደያዘች መልሱን መጠበቅ ጀመረች።

«አልሐምዱሊላህ» አለ በመጨረሻ፣ «አልገባም።»