«መብረቅ» የነደደችበት ባሕር

ሶሲ «አባዬ፣ ዲስትሮየር መጥቷል፤ ገብተን እንየው» ባትለው ኖሮ፣ ፍስሐ ከሰፈሩ ከስካይዌይ ወደ ሲያትል ወደብ ባልወረደ ነበር። ብታድግም ልጁን እምቢ ማለት አይችልም። የጦር መርከቧን ሊጎበኝ የመጣው ሕዝብ በረጅሙ ተሰልፏል።

ዓይኑ የፊተኛው መድፍ ላይ አረፈ። በወጣትነቱ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል፣ «መብረቅ» በምትባል መርከብ ላይ መድፈኛ ነበር። መብረቅ ከአሰብ ወደ ምጽዋ እህልና ጥይት የጫኑ መርከቦችን ስታጅብ፣ የባሕሩን ዳርቻ ኮረብታ ስትደበድብ ኖራለች። አንድ ጆሮው የደነቆረው ያኔ ነው።

«ያንተም እንደዚህ ትልቅ ነበረች?»

«መብረቅ ታንስ ነበር። ግን ክፉ ነበረች።»

ከፊታቸው የቆመ ሽበታም ሰው ዞረ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ መብረቅ ነው ያሉት?» አማርኛው የትግርኛ ቃና አለው።

«አዎ። ያውቋታል?»

«ያፌት እባላለሁ። ካቃጠሏት ጀልባዎች በአንዱ ላይ ነበርኩ።»

በኩራት አልተናገረውም። ፍስሐ ግን ከዚያ በኋላ የሰማው የጀልባዎቹን ሞተር ነው።

ሻዕቢያ ምጽዋን በያዘ ሰሞን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከደሴቶቹ ጀርባ እንደ ተርብ ወጡባቸው። መድፉን የቱንም ያህል ዝቅ ቢያደርገው አልደረሰባቸውም፤ ከሥሩ ገብተዋል። አንዱ ሮኬት አዛዡን ከነመዘወሪያው በጣጠሰው። ሌላው ነዳጁን አገኘው። ጥይት የሚያቀብለው ኑዕማን፣ ከአንድ ሳህን የሚበላው የደሴ ልጅ፣ ልብሱ እየነደደ ባሕር ውስጥ ዘለለ። ፍስሐ ተከተለው። ባሕሩም ይነድ ነበር። አየር ፍለጋ ጭንቅላቱን ያወጣ ሁሉ ፊቱ ተላጠ። «ኑዕማን!» ብሎ ሲጣራ የመለሰለት መትረየስ ብቻ ነው። ከጎኑ የሚዋኘው ልጅ ግንባሩ ተበርቅሶ ሰመጠ።

የያፌትን ኮሌታ መቼ እንዳነቀ አላወቀም። አፉን በቡጢ አለው፤ ደገመው። ሰውየው ከብረቱ አጥር ጋር ተላትሞ ሲወድቅ ደረቱ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጨመቀ።

«የሚዋኝ ሰው ገደላችሁ! የሚዋኝ ሰው!»

«ዳድ! ስቶፕ!» ሶሲ ጮኸች። ባሕርተኞች ጎትተው አላቀቁት።

ያፌት አጥሩን ተደግፎ ተነሳና ደም ተፋ። የወደቡ ፖሊስ ደርሶ ክስ ይመሠርት እንደሆነ ቢጠይቀው እምቢ አለ።

«ገድለናል» አለ ወደ ፍስሐ ዞሮ። «የእናንተም መድፍ ሰፈራችንን አመድ አድርጓል። እህቴን ከግድግዳ ላይ ነው የለቀምናት።»

ያንን መድፍ ያጎርስ፣ ይተኩስ የነበረው ፍስሐ ነው።

«ከባሕሩ ግን አንዱን አወጣነው» ያፌት ቀጠለ። «ቆዳው ተገሽልጧል። ‹ፍስሐ ወጣ ወይ?› ይለን ነበር። ስለ ወንድሙ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር።»

ሶሲ አፏን ያዘች። «ፍስሐ እኮ እሱ ነው» አለች፣ ወደ አባቷ እያመለከተች።

ፍስሐ፣ «ኑዕማን ነው። ብዙ ተሠቃየ?» አለ።

«ተሠቃይቷል። አልዋሽዎትም። ደሴቷ ላይ ቀበርነው። አንገቱ ላይ የቁርኣን ክታብ ስላየን አንድ እስላም ጓዳችን ሰገደበት።»

የጦር መርከቧን ሳያዩ ወጡ። ሶሲ ያፌትን በመኪና ወደ ሐኪም ስትወስድ፣ ፍስሐ ከኋላ አጠገቡ ተቀምጦ ለኑዕማን እህት ደሴ ደወለ።

«ኑሪያ፣ ፍስሐ ነኝ። ወንድምሽን የቀበረው ሰው እዚህ ነው።»

ስልኩን ሰጠው። ያፌት የተሰነጠቀ ከንፈሩን በእጅጌው ጠርጎ ተቀበለና፣ «እህቴ» ብሎ ጀመረ።